ምርቃት

ባቲ ላይ ሰኞ ነው ገበያው። ፀሐይዋ ገና ሳትከር፣
አባቴ አሊጋዝ ከግራሩ ሥር ሚዛን ያድስ ነበር።
የተጣመመ ምላስ ያቃናል፣ የዛገ ሰንሰለት ያሻል፣
የቀለለ ኪሎ ካገኘ፣ እርሳስ አቅልጦ ይሞላል።
«ቀጥ ብሎ የቆመ ሚዛን፣ አርፏል እንዳትይ ልጄ፣
ሁለት ሸክም እየጎተተው ነው ዝም ያለው በእጄ።»

ኋላ ደሴ ላይ፣ ጭጋግ በመስኮት ገብቶ ደብተር ሲያርስ፣
መምህር ይርዳው የአባቴን ቃል በጠመኔ ጻፉት፣ ቀስ በቀስ፦
«የጉልበቶች ድምር፣ ዜሮ።»
ዜሮ! ያ ሁሉ መጓተት፣ ያ ሁሉ ትግል ተቆጥሮ!

ጠርሙስ ውሃ አሳዩን ደግሞ፣ አፉ በቡሽ የተደፈነ፣
ከውጭ ሲያዩት የረጋ፣ ከሐይቅ ይልቅ የሰከነ።
«ውስጡ ግን በየቅጽበቱ ተንኖ የሚሄድ አለ፣
የሄደውን ያህል ይመለሳል፤ ዓይን ነው የተታለለ።»
ባቲን አሰብኩ። ከቆላ ጨው፣ ከደጋ ጤፍና ባቄላ፣
ገብቶ፣ ወጥቶ፣ ተለዋውጦ፣ ሜዳው ባዶ ሲሆን ኋላ፣
ምንም ያልሆነ ይመስላል።

ምጣኔ ሀብትም ተማርኩ። ገዢና ሻጭ፣ ሁለት መስመር፣
የሚገናኙበት ነጥብ፣ የዋጋ ማደሪያ ሰፈር።
እውነት ነው።
ግን ያ ዓመት፣ በልግ የከዳን፣ ሰማዩ አመድ የለበሰ፣
ሐንፈሬ አሥራ አንድ ፍየል ነድቶ፣ ሁለቱን ይዞ ደረሰ።
ፍየል በዝቷል፣ እህል ጠፍቷል፤
ሁለቱ መስመር ተገናኝቷል፦
አንድ ፍየል፣ አራት ኪሎ ማሽላ።
ሻጭ አልሰረቀ፣ ገዢ አልጮኸ፣ ሚዛኑም አልዋሸ፤
ሁሉ ነገር ልክ ነበር። ልክ እንደሆነ መሸ።

ሊመሽ ሲል ግን፣ ዘምዘም መዝና ምላሱ ቀጥ ሲል፣
አባቴ ለቤት ከሸመተው አንድ እፍኝ ዘግኖ ጣለበት።
«ኧረ አንተ! ሚዛኑ ደፋ እኮ!»
«ይድፋ» አላት። «ይኼ ከሒሳቡ አይገባም።
ምርቃት ነው።»
ወደ ሐንፈሬ ዞሮ፣ «አብሽር» አለው።
ሌላ ቃል አልጨመረም።

ባለፈው ጥር ሞተ፤ ሌሊት፤ እጁ እጄ ውስጥ ሳለ።
ቀዘቀዘ ቀስ እያለ፣
ከግድግዳው፣ ከአልጋው ብረት፣
ከራስጌው ካልጠፋችው ግማሽ ኪሎ ጋራ እኩል እስኪሆን ድረስ።
«ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል፣ እስኪተካከሉ» ብዬ
ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ፣ ፈተናም አውጥቼበታለሁ።
ይኸው ተካከሉ።
ያን ሌሊት ሚዛን የሚባል ነገር ጠላሁ።

«አይዞሽ፣ ተረጋጊ፣ ሚዛንሽን አትሳቺ» ይሉኛል፤
እኔ ግን ምላሱ ሲንቀጠቀጥ ማየት ደስ ይለኛል።
ሰኞ ሰኞ፣ ክፍል የምገባው ከሰዓት ስለሆነ፣
ጠዋት ግራሩ ሥር ነኝ።

ዛሬ ሐንፈሬን የሚመስል ልጅ መጣ፤ የማን ነህ አላልኩትም።
ጨው ሸጦ ማሽላ ይዟል፤ ልኩን እንዳይለት ጠየቀኝ።
ሰቀልኩት። ወዲህ አለ። ወዲያ አለ።
ቀጥ አለ።
ሁለታችንም ዝም ብለን ምላሱን አየን።

እጄ ጆንያዬ ውስጥ ነበረ።