ጠማማዋ ክፍል

የርኔይ ወለል አንጣፊው፣ ስሎቬኒያ፣ ከተራራው ሥር፣
አርባ ዓመት ተንበርክኮ ሴራሚክ ሲደረድር፣
የሰው ቤት እያቀና የራሱ ጀርባ ጎብጦ፣
በጉልበቱ ሲኖር ጉልበቱ አለቀ ተሟጦ።

ፖሎና በመጋቢት ሄደች።
ዐሥራ አንድ ቀፎ ትታ፣ ፊታቸው በቀለም የተሳለ፦
በአንዱ ሰሌዳ ላይ ድብ አዳኙን አዝሎ፣
በሌላው ቀበሮ ቆሞ፣ ካባ ለብሶ፣ ቄስ መስሎ።
«አትፍራቸው» ብላው ነበር፣ «እጅህን ብቻ አታፍጥን።»

በሰኔ ክዳኑን አነሣ፤
ሜትር በኪሱ ይዞ፣ ውሃ ልክ በብብቱ፤
ሙያተኛ ነውና፣ ልኬት ነው የሐዘን ብልሃቱ።

የማር እንጀራውን ለብርሃን አዞረው።
ሰሙ ከወረቀት የሳሳ፤ ጥፍሬ ይቀደዋል ብሎ ፈራው።
ስድስት ጎን፣ ስድስት ጎን፣ ስድስት ጎን፣ እስከ ዳር፤
ያለ ገመድ፣ ያለ ቱምቢ፣ በጨለማ የተሰመረ ድንበር።

ማታ ጠረጴዛው ላይ ሳንቲሞች ደረደረ፤
ክብ ከክብ ሲገጥም መሐሉ ክፍተት ቀረ፤
ያ ክፍተት ፉጋ ይበላል።
አራት ማዕዘን ሞከረ፦ ይገጥማል፣ ግን ያከስራል፣
ለዚያችው ማር ብዙ ግድግዳ።
ስድስቱ ግን፣ የአንዱ ግድግዳ ለጎረቤቱም ግድግዳው፤
ሁለት ቤት በአንድ ሰም። ማነው አበዳሪው? ማነው ባለ ዕዳው?
«ይህን ለደንበኞቼ» አለ፣ «ማን በነገረልኝ፤
በስንዝር አጥር ሲካሰሱ ስንቱ ሥራ ፈታብኝ!»

ክፍሎቹ ጥቂት ሽቅብ ያዘነብላሉ፣ ማሩ እንዳይፈስ።
እሱ መታጠቢያ ቤት ሲሠራ
ውሃው ወዲህ እንዲሄድ ተዳፋት ይሰጥ ነበር፤
እነሱ እንዳይሄድ።

ያመጡት ገና ውሃ ነው።
ሌሊቱን በክንፍ ያራግቡታል፣ ቀፎው ያጉረመርማል፣
እስኪወፍር ድረስ፤ ያን ጊዜ በሰም ይከደናል።
ፖሎና በብርድም መስኮት ከፍታ የምትተኛው
ለካ ይህን ልትሰማ ኖሯል።

በሦስተኛው ቀን አገኘ።
ከግራ የጀመሩት ከቀኝ ከመጡት ሲገናኙ
መስመሩ አልገጠመም። እዚያ ስፌቱ ላይ
አንዷ ባለ አምስት ጎን፣ አንዷ ባለ ሰባት፣
አንዷ ደግሞ ጎን ይሁን ጥግ የማይለይባት።
ሳቀ። ከመጋቢት ወዲህ የመጀመሪያው።
«እናንተም?» አለ።

በገዛ ወጥ ቤቱ፣ ከምድጃው እግር ሥር፣
ሠላሳ ዓመት የደበቃት አንዲት ጠማማ ንጣፍ ነበረች፤
ፖሎና በጠረገች ቁጥር አይታ ዝም ያለች።

የጠማማዋን ክፍል ክዳን በጥፍሩ ገፋ።
ሞልታለች።
እስከ አፏ።
ሰሟ ነው የጠመመ፤ ወርቋ ያው ወርቅ ነው።

ጣቱን ላሰ። እንጀራውን ወደ ቦታው መለሰ፤
እጁንም አላፈጠነም።