ያልታሸ

ሠላሳ አንድ ዓመት ብረት በይጃለሁ፤
በኮጄ ወደብ ላይ መርከብ ሰፍቻለሁ።
የእጄ አንጓ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ፤
የጠርሙስ ክዳን እንኳ ሆነበት ጣጣ።

ልጄ ሚረ ክሬን ላይ ናት፤ ሌሊት ነው ፈረቃዋ፤
ሲመሽ ሀዩልን ትሰጠኛለች፣ ከነትራሷ፣ ከነቦርሳዋ።
ሰባት ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሷ የለም፤
ጥያቄዋ ግን ጥርስ አለው፤ ነክሶ አይለቅም።

“አያቴ፣ ታች ያለው ዳቦ ቤት ለምን ተዘጋ?”
“ኮንትራቱ ሲያልቅ ነዋ፣ ወደቡ ሲቀዘቅዝ በበጋ።”
“እንግዲያው እኛ እንጋግራ!”
“በምን ምድጃ?”
“ያኛውስ?” አለችኝ፤ ጣቷ ተቀሰረ
ኤር ፍራየሩ ላይ፣ ስኳር ድንች ብቻ ሲያይ የኖረ።
(እሺ፣ ማኬሬል ዓሣም አይቷል፤ አልሸሽግም፤
በኋላ ይመጣል፤ እሱም ራሱን አይደብቅም።)

“ማሸቱስ? በዚህ አንጓ?” ብዬ ፈገግ አልኩኝ።
“የማይታሽ አለ፤ ወይዘሮ ፒዮ ነገሩኝ።”

ሳይቦካ ተጋገረ ይባላል ለችኩል ሰው፤
ይኼ ግን ቦክቶ ቦክቶ፣ የጎደለው ማሸት ነው።
ዱቄት ሦስት ስኒ፣ ጨው፣ ከእርሾ ቆንጥሮ፣
ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ ማንኪያ፣ ዞሮ ዞሮ ዞሮ፤
ከዚያ መሸፈን።
ከዚያ መተው።
መተው ለእኔ እንግዳ ነው፤ አላውቀውም ይኼን ሥራ፤
ወደቡ ላይ እጁን ያጣጠፈ፣ ስሙ ነው የሚጠራ።

ሌሊት ሦስቴ ተነሣሁ፤ ጨርቁን ገልጬ አየሁ።
ወለላችን ከሥሩ ይሞቃል፤
ጎድጓዳ ሳህኑን ከልጅቷ ጎን አስተኛሁ።
ሁለቱም ተኝተው ያድጋሉ፤ ሁለቱም አልታሹም፤
የነቃሁት እኔ ነኝ፤ ሁለቱም አልጠሩኝም።

የመጀመሪያው ዳቦ? ውርደት።
ነፋሱ ከላይ ነድዶ፣
አናቱ ከሰል ሆነ፤ ሆዱ ጥሬ፣ እንደ ጭቃ ረግዶ።
ሀዩል ቀመሰችና፣ “ዓሣ፣ ዓሣ ይላል!”
(አላልኩም? ማኬሬል ሳይጠሩት ይናገራል።)

በሁለተኛው ሌሊት አሰብኩት እንደ በያጅ፤
ችኩል እሳት ላይ ላዩን ነው፤ ውስጡን አያበጅ።
ላዩ አምሮ ውስጡ ያልያዘ ስንት ስፌት አውቃለሁ፤
እኔው ራሴ በይጄ፣ እኔው ቆርጬ ጥያለሁ።
ቅርጫቱን በሎሚ አጠብኩ፤ ሙቀቱን ዝቅ አደረግኩ፤
ፎይሉን እንደ ብየዳ ጭንብል ፊቱ ላይ አጠለቅኩ።
ሃያ አምስት ደቂቃ። ጭንብሉን አነሣሁ፤
እስኪቀላ ጠበቅኩ፤
ገልብጬ ደግሞ ለጀርባው አምስት ደቂቃ ሰጠሁ።

ከዚያ አወጣሁት። አልቆረስኩም።
ድሮ የመርከቡን ሆድ በመዶሻ እንደማንኳኳው፣
በጣቴ ጀርባ ቀስ ብዬ ሆዱን መታሁት፤
ጆሮዬን አስጠጋሁ።
ድም። ባዶ ድምፅ፣ ጥርት ያለ።
“ምን አለህ?” አለች ሀዩል በሹክሹክታ።
“አለፍኩ አለ።”

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሚረ በሩን ከፈተች።
ጫማዋን አንዱን አውልቃ፣ አንዱን ረስታ፣
ደረጃው ላይ እንደተቀመጠች ቆርሳ በላች።
ሀዩል ለስላሳውን ትለቅማለች፣ ቅርፊቱን ለእኔ እየተወች፤
ጥርስ ያለኝ እኔ፣ እጅ ያላት እሷ፤ ተዛመድን።

“ግሩም ነው። ማነው ያሸው?” አለች ልጄ።
ሀዩል እጇን አወጣች፣ እኔም እጄን አየሁ።
“ማንም” አልን።

ሳትመልስ፣ ቁራሹን እንደያዘች፣
ግድግዳው ላይ ተደግፋ አንቀላፋች።
የቀረውን ጫማዋን አወለቅኩላት፤
ማሰሪያው ጠብቆ ነበር፤ ጊዜ ወሰደ፤ ግን ፈታሁት።

የዛሬ እራት ማኬሬል ነው።
በመጥበሻ።