አሥራ አራተኛው ናሙና

«ብረትን እንደጋለ ቀጥቅጠው» ይባላል፤
ይሄኛው ግን ብረት አይደል፤
እንደጋለ፣ እንደተንጠለጠለ፣ ዝም ብሎ ይጠበቃል።

ዝሊን ከተማ፣ ከአሮጌው ጫማ ፋብሪካ ጀርባ፣ ምድር ቤት፣
ከምድጃው መስኮት ባሻገር፣ በሁለት መቶ ስድሳ ዲግሪ ሙቀት፣
አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ አለ፤ የማር ቀለም፣ የጣት ርዝመት፣
ከግርጌው ዐሥር ኪሎ ብረት።

ወንድሞቹ አብረውት ገብተው ነበር።
አንዱ ገና በሦስት ሰዓቱ እንደ ሻማ ተልፈሰፈሰ፣
ሌላው ሳምንት ችሎ፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ ሰው በሌለበት ተበጠሰ፣
ሦስተኛው ጠቁሮ፣ እንደ ከረመ ብስኩት ፈረሰ።
አሥራ አራተኛው ቀረ።

ቦሁሚላ ማለዳ ማለዳ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ፣
ወገቧን ይዛ ትጎነበሳለች፣ እንደ ባለዕዳ፤
«ማይክሮን» ትላለች፣ «አንድ። ዛሬም አንድ።»
ትጽፋለች፤ እርሳስ እንጂ ቀለም አትወድ።

ምን ይዞት እንደቆየ ጠየቅኋት አንድ ቀን።
«ሰንሰለቱ ከቀለበት ነው» አለች፣ «ቀለበቶቹ ድርቅ ያሉ፣
እንዳሻቸው የማይዞሩ፣ ለእሳት ቶሎ እሺ የማይሉ።
አይሰማውም ግን እንዳትል።
ሁሉም የሚለሰልስበት ዲግሪ አለው፣
መስታወትነቱን ጥሎ ጎማ የሚሆንበት ልክ አለው፤
የሱ ራቅ ይላል እንጂ። መፍጠን የጀመረ ለታ...»
ብላ ተወችው። ሻይዋንም ረሳችው።

በመስከረም ዳይሬክተሩ ዝቢኔክ የመብራት ሒሳብ ይዞ መጣ፤
«አራት ዓመት! አንድ ቁራጭ በላን! በቃ፣ ይጥፋ፣ ይውጣ!»
«አልተበጠሰማ» አለችው፤
ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣ።

ጡረታ የወጣች ዕለት በሩ መቃን ላይ ተለጠፈች፤
በተቀጠረች ሰሞን ቁመቷን እዚያው በቢላ ጭራ ነበረች።
«እይ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወርጃለሁ በሠላሳ ዓመት፤
ሸክም እሱን ያረዝማል፣ እኔን ያሳጥራል፤ ጉድ አይደል?»
አላዘነችም፤
መለኪያ ነበር ያነበበችው።

በማግስቱ እኔ ጎነበስኩ። መርፌው ሁለት ላይ ቆሟል።
ዓይኔን አሸሁ። ሁለት ይላል።
ደወልኩላት፤ ከወዲያ ዶሮዎች ይንጫጫሉ፣
ባልዲ ውስጥ ውሃ ይወርዳል።

«ስንት?»
«ሁለት።»
ዝም አለች። ውሃው ሞልቶ ሲፈስ ይሰማኛል፣
አልዘጋችውም።

«በእርሳስ ነው አይደል የጻፍከው?»