ስም ከዱቤ ደብተር

«የእንግሊዝ» ይሏታል። ስድስት ዓመት ሆነኝ ቁልፏን ስይዝ፣
አልፎ ሂያጅ እንኳ ቢሆን፣ ገብቶባት አያውቅም እንግሊዝ።
ከዚራ ጥላ ሥር ናት፣ ጣራዋ ቆርቆሮ፣ ደወሏ የጥንት ባቡር፣
ሲመታ ልቤ ይነሣል፣ ጓዜን እንድቋጥር።

የሚመጣው ማን መሰለህ? ከጋምቤላ የተመደበ ወታደር ከነሚስቱ፣
ኛቦል፣ ከናስር የሸሸች፣ አንድ ልጅ በጀርባ፣ በእጅ ሁለቱ፣
ሚስተር ቨርጊስ፣ የሲሚንቶው መሐንዲስ፣ ሲመቸው በየሳምንቱ፣
ሃጎፕ መካኒኩ፣ የአርመን ዘር፣ አማርኛው ከእኔ የጠራ፣
የአባቶቹ ጸሎት ቤት ከተዘጋ ወዲህ፣ ጧፉን እዚህ የሚያበራ።

ቄሱ፣ ቄስ ዱዎል፣ ቁመቱ ከበሩ ጉበን የተከራከረ፣
ግንባሩ ላይ ስድስት መስመር እንደ ሐዲድ የተሰመረ።
የምድር ባቡር ሰው ነኝና፣ መጀመሪያ ሳየው ለት
«ይሄስ መስመር ወዴት ይሄዳል?» ብዬ ስቄያለሁ በሆዴ፣ በድፍረት።
አሁን አውቃለሁ፤ ሆስፒታል ይሄዳል፣ ወህኒ ቤት፣
ቀፊራ ገበያ ይሄዳል፣ ሰው ጭነት ሥር ወደሚወድቅበት።

ሰውየው የሞተው በግንቦት ነው። ሽንኩርት እያወረደ፣
ጆንያው ከጀርባው ሳይወርድ፣ እሱ ቀድሞት ወረደ።
መታወቂያ የለው፣ ስልክ የለው፤ ከኪሱ የወጣው ቁልፍ ነው፣
የቱን በር እንደሚከፍት እስከ ዛሬ ያልታወቀው።

ደብሩ «የክርስትና ስሙስ? የነፍስ አባቱስ?» አለ።
መስጊዱ «ሸሃዳ ሲል የሰማው ሰው አለ?» አለ።
እድሩ መዝገቡን ገልጦ፣ ራሱን ነቀነቀ።
ክፉዎች አይደሉም። እኔም የጽዋ ማኅበርተኛ ነኝ፣
ደንብ ምን እንደሆነ አይጠፋኝም።
ግን ሁለት ቀን፣ አቦ! በድሬ ግንቦት ሁለት ቀን!

በሦስተኛው ቄሱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጫማውን አራገፈና
«የማንም ካልሆነ የእኛ ነው» አለ። ሌላ አልተናገረም።
ሃጎፕ ፔጆውን አስነሣ። ከፈረንጆቹ መቃብር፣
ከግሪኩና ከጣሊያኑ መሐል፣ ከአክስቱ ጎን ጥግ ሰጠው፤
«ወሬ ትወድ ነበር» አለ፣ «ጎረቤት ይሁናት።»

ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው መጽሐፉ ያስቸገረው።
«ወንድማችንን እገሌን» ይላል።
ቄሱ እዚያ ሲደርስ ቆመ። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ቆመ።
እገሌ ብሎ መቅበር አልወጣለትም ከአፉ።
አካፋው ይጠብቃል። ላቡ በስድስቱም መስመር ይወርዳል።

ሲራድ ጫት ሻጯ ከአጥሩ ኋላ ቆማ ነበር ለካ፣
ወንዶቹ ሲያዩዋት ሻሿን እያስተካከለች።
«ስሙን አላውቅም» አለች፣ «ግን ጽፌዋለሁ።»
ከብብቷ የዱቤ ደብተር አወጣች፣ ጥጉ በእርጥብ ቅጠል የረገበ፦
ባለ ሰማያዊው ኮፍያ፣ ሰባ አምስት ብር።

የሳቀ መስሎኝ ነበር። አልሳቀም። መነጽሩን ጠረገ፣
ደብተሩን በመጽሐፉ ላይ ደረበና፣ እንደተጻፈ አነበበ፦
«ወንድማችንን፣ ባለ ሰማያዊውን ኮፍያ፣ ለአንተ እንሰጣለን።»

ኛቦል በኑዌር፣ ቨርጊስ በአገሩ ቋንቋ፣ ሃጎፕ በአክስቱ አፍ፣
እኔ በግዕዝ፣ አባታችን ሆይን አንድ ላይ አልን፣ ተጋጨን፣
ማንም ማንንም አልጠበቀም፤
ቄሱ ብቻ በአማርኛ ነበርና ሲራድ የሰማችው እሱን ነው፤
«ይቅር በለን» ሲል ደብተሯን አጠፈች፣
«አፉ ብዬዋለሁ» አለች። ለእኛ አይደለም። ለአፈሩ።

ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ፣ ዘበኛ ነኝና።
ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት አንጠልጥዬዋለሁ።
መብራት በሚጠፋበት ሌሊት፣ በጣቴ ዳብሼ ስዘጋ፣
አንዳንዴ እሳሳትና እሱን እከተዋለሁ።
ይገባል።
አይዞርም።