ጆንያው

ከማዶ ነው የጣልኋት፣ ከአዌቱ ወዲያ፣
አፉን በሲባጎ በቋጠርኩት ጆንያ።
የአከራዬን ጫጩት ፈጀችው ተብዬ፣
አንድ ሳምንት ሙሉ «ዛሬ፣ ነገ» ብዬ፣
በስምንተኛው ቀን ባጃጅ ላይ ይዣት
ወጣሁ። ሾፌሩን ዘፈኑን ከፍ አርገው ያልኩት
ድምጿን እንዳልሰማ ነበር።
ድልድዩን አለፍን። ሲባጎውን ፈታሁ።
ወጣች። አልሮጠችም። ዞራ አየችኝ። ፈራሁ።

ቁንዶ ነው የሷ ስም። እንደ ቁንዶ በርበሬ
ጥቁር፣ ጭምድድ ያለች፣ አንዲት እፍኝ ፍሬ
ነበረች ያነሳኋት፣ የዛሬ ሦስት ክረምት፣
ሂርማታ ገበያ፣ ከእህል ተራው ፊት።

በአሥራ ዘጠኝ ቀኗ መጣች።
የቱን ቦይ ተከትላ? የማንን አጥር ዘላ?
ስንቱን ውሻ አምልጣ? የት አድራ? የት ውላ?
አንድ ጆሮዋ ተተልትሎ፣ ሆዷ ከጀርባዋ ተጣብቆ፣
ያ የሚያበራ ጸጉሯ በጭቃ ተለቅልቆ።
«ቁንዶ!» ብዬ ብዘረጋው እጄን፣
አልጋ ሥር ገባች፤ ታውቀዋለች ያንን።
የተመለሰችው ለቤቱ ነው፤ ለእኔ አልነበረም፤
ቤቱስ በጆንያ ከቶ አልጣላትም።

እንጨት ጠራቢ ነኝ፤ ሥራዬ በርጩማ፤
የመዶሻ ኳኳታ ገና ስትሰማ
ከግድግዳው ጋር ትለጠፍ ነበር።
ዕቃዬን ተሸክሜ ወጣሁ፤ ከጣራው ክፈፍ በታች
ዝናቡ እግሬን እያራሰው ጠረብኩ፤ እሷ ከውስጥ ዝም አለች።

ሳንባ ገዛሁላት፣ ልኳንዳ ቤት ሄጄ፣
በጣባ አቀረብኩ፣ ከአልጋው ሥር ወስጄ።
ሳለሁ አትነካውም፤ ስወጣ ትልሳለች ጣባውን፤
ጉቦዬን በላች እንጂ አልፈጸመችም ጉዳዬን።

የጎረቤት ልጅ ናት ኒኢማ፣ አራተኛ ክፍል፣
አንገቷን በመስኮት አስግጋ እንዲህ የምትል፦
«ጋሼ ሽብሩ፣ እሷ ላይ አታፍጥጥ!
ልትይዛት የመጣህ ይመስላታል። ጎንህን ስጣት።
ዓይንህን ቀስ ብለህ ክደን፣ ቀስ ብለህ ግለጥ፣
እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው።»
«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።
«ማንም። እኔም ፈሪ ነኝ» አለች።
ስሜም ሽብሩ ነው፤ ድመቷ ምን ታድርግ?

ሐምሌን በክንድ ለካሁት፣ ነሐሴን በስንዝር፦
አፍንጫ፣ አንድ መዳፍ፣ የተተለተለ ጆሮ ከአልጋው ሥር።
እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው፣ እንጨት እየሞረድኩ፣
በጎኔ ስትመጣ እየሰማሁ፣ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ
ከሰል ሻጩ መጥቶ ደጄ ላይ ጣለ አንድ ጆንያ።
ኮሽ አለ።
በቃ። ኮርኒሱ ውስጥ ገባች፤ ዘጠኝ ቀን እዚያው፣ እዚያ።
ከዚያ ወዲህ ከሰል የምገዛው በጣሳ ነው፤
ሻጩ ይስቃል፤ «ገንዘብ አነሰህ?» ይላል፤ ይበለው።

ወይዘሮ ዱሬቲ በአጥር ብቅ ብላ፦
«ለካ ጫጩቶቼን ሸለመጥማጥ ኖሯል የበላ!»
ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። መዶሻዬን አነሳሁ፤
ምን እንደምመታ ግን ረሳሁ።

መስከረም። መብራት ጠፍቶ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ፣
ያላለቀ በርጩማ ላይ ሆኜ ጨለማውን ሳዳምጥ፣
እግሬ ላይ አንድ ነገር ከበደኝ።

አላየሁም። እጄን አላነሳሁም። ትንፋሼን በልኩ አደረግሁ።
እግሬ ደነዘዘ፤ ጉንዳን ወረረው፤ ዝም አልሁ።
የዕቁብ ሰብሳቢው በር መታ፤ «ሽብሩ! ዕጣው ያንተ ነው!» አለ፤
አልመለስኩለትም። ሄደ፣ ሁለተኛ ላይመጣ እየማለ።

ጠዋት አልነበረችም።
ካልሲዬ ላይ ሦስት ጥቁር ጸጉር። አላራገፍኳቸውም።

በሩን ገርበብ አድርጌ ነው አሁን የምተኛ።
ብርድ ይገባል።
ይግባ።