ሰማያዊ ድንጋይ የለም

ስሜ ቱሉ ነው፤ ኮረብታ ማለት ነው፣ በአባቴ አፍ፤
ሥራዬም ኮረብታ መፍለጥ፣ ከቡራዩ ካባ አፋፍ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በመዶሻ በመሮ
የሰው ደጅ አነጠፍኩ፤ ይኸው ነው የኔ ኑሮ።

ስለ ሥዕል አትጠይቁኝ።
ስለ አየነው ግን ጠይቁኝ።

ከእትዬ ጥሩአየር ጓሮ የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቶ
ቀለም ይገዛ ነበር፣ የቤት ኪራዩን ረስቶ።
ሰው ይስላል አሉን፤ ሄደን አየንለት፤
ሰው አልነበረበት።
አፍ ነበር፣ እንደ በር የተበረገደ፤
ፊት ነበር፣ አረንጓዴ፣ ከአንገት የተሰደደ፤
ዓይን ነበር፣ አንድ፣ ሰማያዊ፣ ከጉንጭ ላይ ዝቅ ብሎ፣
እንደ ጀሪካን ውሃ ሊፈስ አዘንብሎ።

«ይቺ ማን ናት?» አልነው።
«እትዬ ጥሩአየር» አለን፣ ብሩሹን በሱሪው እየጠረገ።
ሳቅን። እኔማ ከሁሉም በላይ፣ መዶሻው ከእጄ እስኪወድቅ።
እሷ አልሳቀችም።
ቆማ አየችው፣ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ፣ ቆማ።
ከዚያ ቀን ወዲህ ኪራይ ጠይቃው አታውቅም።

«ፊቷን አይደለም» አለኝ አንድ ማታ፣ «የሳልኩት፤
ልጇ ያልመጣበትን ሌሊት ነው።»
ምን ይግባኝ! ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ።
እሱም አውቆታል፤ «አንተ» አለኝ፣ «ድንጋይ ራስ፣
ግዴለም፤ ድንጋይም ይጠማዋል፣ ቀኑ ሲደርስ።»

በሐምሌ ሞተ። ቀብሩ ላይ ዘጠኝ ነበርን።
ስሙም አየነው!
አየነው ስንል፣ ለካ አላየነውም ነበር።

እትዬም ተከተለችው። የወንድሟ ልጅ ቤቱን ወረሰ፤
ሸራውን ለዶሮ ቤት ጣራ አለበሰ።
አንድ ክረምት በቃው። አረንጓዴው ወደ ቀዩ ፈሰሰ፤
ባለቀለም ላባ ይዘው ዋሉ ዶሮዎቹ፣
ሲስቁ ዋሉ ልጆቹ።

ያኔ ነው ጥማቱ የጀመረኝ።

አረንጓዴውን ከእብነ በረድ ቆራጮች ደጅ ለቀምኩ፣
ቀዩን ከመንገድ ሥራ ቁፋሮ፣
ባልጩቱን፣ ለአፏ ጥቁረት፣ ከወንዝ ዳር።
አንዲት ጥርስ ሁለት ቀን ሞረድኩ፤ ጥፍር አታክልም።
«ምን ነካህ?» ትላለች ሚስቴ፣
«ጠጠር እንደ ምስር ትለቅማለህ!»
ሞኝና ሲሚንቶ የያዘውን አይለቅም።
በገዛ ደጄ፣ መሬት ላይ፣ ተንበርክኬ ስገጥም፣ ስገጥም፣
ዓይኔ የሳቀበትን ጣቴ እያስታወሰ፣
ገባኝ፦ አረንጓዴው ቀለም አይደለም፤
ሐሞት ነው፣ ሌሊቱን በር ሲያዩ ያደሩ እንደሆነ
ጎህ ሲቀድ ምላስ ላይ የሚቀር።
አፉም አይጮህም ነበር። ይጣራ ነበር።
ይኼን የነገረኝ ድንጋይ ነው፤ እሱ በሕይወቱ ሳለ
ሰው ሆኜ ሳልሰማው።

ዓይኗ ቀረ።
ሰማያዊ ድንጋይ የለም።
ወልመራ ጠየቅኩ፣ ሆለታ ጠየቅኩ፤ የለም።
«ጠርሙስ ሰብረህ ክተት» አሉኝ፤ «ቀባው በቃ!»
ቀለምማ ምን እንደሚሆን ዶሮዎቹን ጠይቁ።
ትቼው ተነሣሁ፤ ጉድጓዷን፣ እፍኝ የማትሞላ፣ ባዶዋን።

ዛሬ ጠዋት፣ የነሐሴ ዝናብ ለአፍታ ሲያባራ፣
በሩን ብከፍት ውሃ አቁራለች።
ሰማዩም ያቺን ታህል ተገልጦ፣
እዚያች ውስጥ ተኝቷል።
ጎንበስ አልኩ፤
የኔም ፊት አለበት፣ ተንጋዶ፣ አፉን ከፍቶ፣
ከእትዬ ጥሩአየር አረንጓዴ ጉንጭ ላይ።

አየነው፣ እየው እንግዲህ፣ ልለው ነበር፤
ዶሮ መጣችና ጠጣችው።

አላባረርኳትም።
ድንጋይ ላይ የፈሰሰ ውሃ ነው፤
ይጠጣ።