ልብስ ጠባቂ

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣
መድኃኒት እሸጣለሁ፤ ሃያ ዓመት ሊሆን።
ሐይቅ ከተማ፣ ቅዳሜ፣ ገበያው ሲበተን፣
ሦስት ልጃገረዶች እየተገፋፉ
ገቡ፤ ሦስቱም ፈሩ፤
የሳሙናውን ስም ሁሉ አንብበው እስኪያልፉ።

«የራስ ምታት» አለች ነጃት፣ መሐለኛዋ።
ራሷን አልያዘችም፤ ሆዷ ላይ ነው እጇ።
ከኋላ አቶ ይመር ሳል ይዟቸው ቆመዋል፤
እሳቸው እስኪወጡ ዓለም ጸጥ ብሏል።

ሽሮፕ ሰጥቼ ሸኘኋቸው።
ያኔ ረድኤት ጮኸች፤ ጮኸች ስል፣ በሹክሹክታ፦
«ነገ እሑድ ነው፤ ዋና አለ፤ እሷን ደግሞ መጣባት፣ ትናንት ማታ!»

አውቀዋለሁ እኔ። በአሥራ አራት ዓመቴ
የሐይቁ ዳር ድንጋይ ነበረ ርስቴ።
ጓደኞቼ ሁሉ ውሃ ሲረጫጩ፣
ከሸንበቆው መሐል እንደ ወፍ ሲንጫጩ፣
እኔ ልብስ ጠባቂ። ጫማ እቆጥራለሁ፤
አሥራ ሁለት። ደግሜ እቆጥራለሁ።
በየወሩ በየተራ አንዳችን እንቀራለን፤
ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁላችንም እናውቃለን።

በጥቁር ፌስታል ውስጥ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ
ስሸጥ የኖርኩትን፣ ዛሬስ ይበቃል ብዬ፣
ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኩት፤ ከነስሙ።
ፎዚያ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሁለቱ ጆሯቸውን አቆሙ።

«አብሽሪ» አልኳት። «ይሄ ሞዴስ ነው፤ ለመንገድ፣ ለእንቅልፍ ወዳጅ ነው፤
ውሃ ላይ ግን ከዳተኛ፣ ሐይቁን መጠጣት የሚያምረው።
ያብጣል፤ እንደ ተነከረ ዳቦ ይከብዳል፤
የአንቺን ጠብታ ትቶ የሐይቁን ይሸከማል።

«ይቺ ታምፖን ናት፤ ከጣት የቀጠነች፣ ክር ያላት፤
ውስጥ ነው የምትገባ፤ ሐይቁ አያገኛት።
ትንሿን ነው የምትመርጪ፤ እጅሽን ታጥበሽ፣ ሳትቸኩዪ፤
በየአራት ሰዓቱ ቀይሪ፤ ከስምንት አታሳልፊ፤ ረስተሻት እንዳትተኚ።»

ነጃት ምራቋን ዋጠች። «እንዴ… ልጃገረድነቴስ?»
«ልጃገረድነት ግድግዳ አይደለም፣ በጥጥ ተነክቶ የሚፈርስ።»
«እሱን ለእናቴ ቢነግሯት ታምናለች?»
ዝም አልኩ። እናቷን፣ አንሻን፣ አውቃታለሁ፤
ለዚህ ጥያቄ መድኃኒት ከየት አመጣለሁ?

«ይሄ ደግሞ ኩባያ ነው፤ ለስላሳ፤ አፍልተው የሚያጥቡት፤
ዓመታት ያገለግላል፤ ግን ለነገ አይደርስም፤
ቤት ነው፣ ቀስ ብለው፣ የሚለማመዱት።
ይሄኛው…» ከመሳቢያው ሥር፣ ከራሴ ዕቃ፣ አወጣሁት፤
እህቴ ከጅዳ የላከችልኝ፤ ካርቶኑን ገና አሁን ቀደድኩት።
«የዋና ሱሪ ነው፤ ጥቁር፤ ውስጡ ተደራርቦ የተሰፋ፤
ለጥቂቱ ቀን ይበቃል፤
በብዙው ቀን ግን እንዳትጥዪበት ሙሉ ተስፋ።

«መቅረትም ምርጫ ነው። አንቺ ካልሽ። ሰው ስላለ አይደለም።»

ነጃት ቆየች። ጣቷ ከአንዱ ወዳንዱ ሄደ፣ ተመለሰ፤
ፎዚያ እንኳ አንድ ዓይኗን ገለጠች።
በመጨረሻ አንዱ ላይ አረፈች።
የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ እሱ የእሷ ነው።
«ጥቁር ፌስታል?» አልኩ፤ አፌ የለመደው ነው።
በሩን አየች። መንገዱን አየች።
«እሺ… ጥቁሩን» አለች።

እሑድ ረፋዱ ላይ ዓሣ ልገዛ ወረድኩ፤
እውነቱን ካወራን፣ ዓሣው ሰበብ ነው፤ ላያቸው ወረድኩ።
ያ ድንጋይ አለ፤ የኔው። የተቀመጠበት የለም።
ክምር ቀሚስ፣ ሦስት ሻርፕ፤ ጠባቂ የለውም።
ነፋስ መጣና ቢጫውን ሻርፕ አንሥቶ ወሰደው፤
ውሃው ላይ ጣለው።
«ሻርፔ!» አለች አንዷ፤ የማን ድምፅ እንደሆነ አልለየሁም፤
ሦስት ራስ ዞረ፤ ሦስቱም ሐይቁን እየደበደቡ
ወደ ቢጫው ቀዘፉ፣ እየሳቁ፣ ውሃ እየጠጡ።

እኔ፣ የድሮ ልማድ፣ ጫማ ቆጠርኩ።
ስድስት።
ደግሜ ቆጠርኩ።